ጥሩ የሠርግ ቪዲዮ እንዴት ይሠራል?

ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ አርብ ገበያና መላው ጋይንት ሠርግ በሠርግ ነው። ጠላው ይጠነሰሳል፣ ዳሱ ይጣላል፣ ሚዜው ይመረጣል። ቪዲዮ ቀራጩ የሚታሰበው ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ከዚያ ቪዲዮ የሚፈለገው የወላጆች ፊትና የምርቃታቸው ድምፅ ነው። እነዚህን ሁለቱን ውድ ካሜራ ብቻውን አያመጣቸውም፤ ዳሱ ሲጣልና መቀመጫው ሲደለደል አብረው መታሰብ አለባቸው።

ፊት ለምን ይጠቁራል?

ካሜራ ብርሃንን በራሱ ሲለካ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብርሃን ሊያመጣው ይሞክራል። የእኛ ሠርግ ደግሞ ነጭ በነጭ ነው፦ ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጋቢው። ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ፣ ፊት ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ከሙሽሮቹ ጀርባ የዳሱ በር ክፍት ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የሙሽሮቹን መቀመጫ ፊቱን ወደ በሩ አድርጉት። ቀራጩም ብርሃኑን ፊት ላይ ለክቶ ይቆልፈው። በብዙ ስልኮች ላይ በስክሪኑ የሚታየውን ፊት በጣት ተጭኖ ትንሽ በመቆየት መቆለፍ ይቻላል።

የሸራው ቀለምም ለውጥ ያመጣል። በሰማያዊ ሸራ በኩል የሚገባ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ስለሚገባ የሰውን ፊት ሁሉ ያን ቀለም ያስመስለዋል። የምትመርጡ ከሆነ ነጩን ሸራ ምረጡ።

ማታ ደግሞ የመብራቱ ነገር አለ። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ዓይን ባያየውም ካሜራ ያየዋል፤ በምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ይመላለሳል። የካሜራው የመዝጊያ ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ሲሆን መስመሩ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ዋዜማ ማታ በዳሱ አምፖል ሥር መሞከር ይበጃል።

ምርቃቱ እንዲሰማ

ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ወደ ማይኩ የሚደርሰው የድምፅ ኃይል ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ካሜራው ርቆ ከቆመ የአባትየው ቃል ይሳሳል፤ ካሜራው አጠገብ ያለው ጫጫታና ጄኔሬተር ግን አይቀንስም። መላው ቀላል ነው፤ አንድ ስልክ ጥሪ እንዳይገባበት ተደርጎ፣ ድምፅ እየቀዳ በመራቂው ደረት ኪስ ይቀመጥ። ሲጀመር አንድ ሰው ካሜራው ፊት አንዴ ያጨብጭብ፤ ምስሉና ድምፁ በኋላ የሚገጣጠሙት በዚያች ጭብጨባ ነው። ሞንታርቦ የያዘውም ምርቃት ሲጀመር ዝም እንዲያሰኘው አስቀድሞ ይነገረው። አዝማሪም ቢሆን ግጥሙን የሚያወጣው እዚያው ያለውን ሰው እያየና ስሙን እየጠራ ስለሆነ፣ ቃሉ ካልተሰማ ጨዋታው ግማሹ ቀረ ማለት ነው።

በወረቀት የሚጻፈው

የሙሽራውም የሙሽሪትም ወገን ከቀራጩ ጋር ተቀምጠው ሰዓቱን ይጻፉ፦ አጃቢው መቼ ይነሣል? ማን ይመርቃል? ጉልበት የሚሳምላቸው አዛውንት እነማን ናቸው? አንድ ካሜራ በሁለት ቤት ሊገኝ ስለማይችል፣ እሱ ያልደረሰበትን ቤት በስልክ የሚቀርጽ ዘመድ ይመደብ። ተክሊል ካለ ካሜራው የት መቆም እንደሚፈቀድለት ከካህናቱ ጋር ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

በሰከንድ 50 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 22 ጊጋባይት ያህል ይሞላል፤ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ለሦስት ሰዓት አይበቃም። ለሙሉ ቀን ስንት ሚሞሪና ባትሪ እንደተያዘ ጠይቁ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪው ሁሉ በዋዜማው ይሞላ። ከሠርጉ በኋላም ቪዲዮው ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ሚሞሪው እንዳይጠፋ።

በውሉ ላይ አንድ ነገር አስጽፉ። በኤዲቲንግ ጊዜ ምርቃት ላይ ዘፈን መደረብ የተለመደ ነው። ቪዲዮው አምሮ ሊቀርብ ይችላል፤ የወላጆች ቃል ግን ከሥሩ ይቀበራል። ስለዚህ ምርቃቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ዘፈን ሳይነካው፣ ለብቻው ተቀድቶ እንዲሰጣችሁ ተስማሙ። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሆኖ ሠርጉ ላይ ያልደረሰው ልጅም፣ ገና የሚወለደው የልጅ ልጅም የአያቱን ድምፅ የሚሰማው ከዚያ ነው።