ተሳቢው በማይጎተትበት ቀን

ቨርጂኒያ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ጋራዥ ውስጥ፣ ግድግዳው ጥግ በቁመቱ የቆመ ብረት አለ። ተጣጣፊ የሞተር ሳይክል ተሳቢ ነው። ሲፈልገው ከሥሩ ባሉት ትንንሽ ጎማዎች እየገፋ ያወጣዋል፤ ያስተኛዋል፤ የታጠፈውን ዘርግቶ ፒኖቹን ይቀረቅራል። ከዚያ ከ350 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ሞተሩን በመወጣጫው ያወጣና የፊቱ አሞርዛተር በመጠኑ እስኪጫን ድረስ በአራት ማሰሪያ ይወጥረዋል። ይህን ሁሉ ለብቻው ነው የሚያደርገው።

«በቀን 20 ዶላር የሚከራየውን ነገር ለምን 2,500 አወጣህበት?» ብዬ ጠየቅኩት። ጥያቄዬ የተሟላ እንዳልነበረ የገባኝ አብረን ስናሰላው ነው።

የተሳቢ ዋጋ ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ብቻ ያዟቸው። ከ5 ዓመት በኋላ በ1,700 ዶላር ቢሸጠው 800 ይጎድልበታል። ጎማ ቆሞም ያረጃል፤ ኩሽኔታው ግሪስ ይፈልጋል፤ የሰሌዳም ክፍያ አለ። ለዚህ ሁሉ በዓመት 60 ዶላር እንያዝ። ገንዘቡ ባንክ ቢቀመጥ በ4 በመቶ ወለድ በዓመት 100 ዶላር ያስገኝ ነበር፤ እሱም ወጪ ነው። የአምስቱ ዓመት ወጪ ተደምሮ ለ5 ሲካፈል በዓመት 320 ዶላር ይመጣል፤ የ16 ቀን ኪራይ ማለት ነው።

የማይታጠፈውን ደግሞ በ1,200 ገዝቶ በ800 ቢሸጠው፣ በዚሁ ስሌት የዓመት ወጪው 188 ዶላር ብቻ ነው። ርካሽ ይመስላል። ግን የት ያድራል? የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ተሳቢ ደጅ ላይ ማቆም ይከለክላል። ለማቆሚያ ቦታ በወር 60 ዶላር ቢከፍል በዓመት 720 ይሆናል፤ ጠቅላላው 908 ደረሰ ማለት ነው። በግማሽ ዋጋ የተገዛው ተሳቢ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ወጪ አመጣ! ሻጩ የሚነግረን ተሳቢው የሚጎተትበትን ቀን ዋጋ ነው። ሒሳቡን የሚወስኑት ግን የማይጎተትባቸው 350 ምናምን ቀናት ናቸው፤ የአጎቴ ልጅም ተጨማሪውን ገንዘብ የከፈለው ለእነሱ ነው።

«ታዲያ አራት ጓደኛሞች ተዋጥታችሁ አንድ ብትገዙስ?» አልኩት። እድርን እያሰብኩ ነበር። ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ አግዳሚ ወንበሩን እያንዳንዱ አባወራ ለየብቻው አይገዛም፤ በእድሩ ዕቃ ቤት ተቀምጦ ተራ በተራ ያገለግላል። ይህ የሚሠራበት ምክንያት ግን መተሳሰባችን ብቻ አይደለም። ሐዘን ለሁሉም ቤት በአንድ ቀን አይደርስም፤ ስለዚህ አንድ ድንኳን ለመቶ ቤት ይበቃል። ሞተረኞች ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በግንቦት መጨረሻ የመታሰቢያ በዓል አለ፣ በመስከረም መጀመሪያ የሠራተኞች ቀን አለ፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ስተርጂስ ከተማ የሚካሄደው ታላቁ የሞተረኞች ስብሰባ አለ። ፀሐይ ስትወጣ ለሁሉም ትወጣለች፤ አራቱም ተሳቢውን የሚፈልጉት በአንድ ቅዳሜ ነው።

ኪራይም ይህ ችግር አለበት። ሊዮናርድ ሾን ከባለቤቱ ጋር እ.ኤ.አ. በ1945 ተሳቢ አከራዩን ድርጅት ዩሆልን ሲመሠርት ያየው ክፍተት እውነተኛ ነበር፦ ቤት የሚቀይር ቤተሰብ ተሳቢ የሚያስፈልገው አንዴ ነው፤ አንድ ከተማ ወስዶ ሌላ ከተማ መመለስ ይፈልጋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ዛሬም ከኪራይ የተሻለ የለም። በዓመት ከ10 ቀን በታች ለሚጎትት ሞተረኛም እኔ የምመክረው ኪራይን ነው። በበዓል ዋዜማ ግን አከራዩ ዘንድ አንድም ተሳቢ ከሌለ፣ 20 ዶላር የሚባል ዋጋ የለም። ፈላጊው ሁሉ በአንድ ቀን በሚመጣበት ገበያ፣ የራስ ንብረት የሚገዛው ለዚያች ቀን ነው፤ የአማካይ ቀን ስሌት ይህን አያሳይም።

የአጎቴ ልጅ ተሳቢው ከተደገፈበት ግድግዳ ላይ፣ ለእያንዳንዱ የጎተተበት ቀን አንድ መስመር በእርሳስ ያሰምራል። ባለፈው ዓመት 14 አስምሯል፤ ከ16ቱ ሁለት ይጎድለዋል። ከ14ቱ ስንቶቹ በዓል ላይ እንደዋሉ ስጠይቀው ጣቱን መስመሮቹ ላይ እያስኬደ ቆጠረ። ዘጠኝ ነበሩ።