የፒክአፕ ጀርባ እንዴት ተሳቢ ይሆናል?

በአሜሪካ የገጠር መንገድ የነዳ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም፤ አንድ ፒክአፕ የሌላ ፒክአፕ ጀርባ እየጎተተ ያልፋል። ካሶኒው አለ፣ የኋላ መብራቱ አለ፣ በኋላ በሩ ላይ «ፎርድ» ወይም «ሼቭሮሌት» የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ነው፤ ጋቢናው ግን የለም። በጋቢናው ቦታ ሁለት ብረቶች ተጋጥመው ወደ ፊት ሾለው ወጥተዋል። ባለቤቱ ማገዶ፣ ድርቆሽ፣ የጓሮ ቆሻሻ፣ ቤት የቀየረ ወዳጅ ሶፋ ይጭንበታል።

ነገሩ እዚያ የበዛው በጨውና በዋጋ ምክንያት ነው። በሰሜኖቹ ስቴቶች በረዶ በጣለ ቁጥር መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ወለሉ የተበሳ፣ ሞተሩ የደከመ፣ ለሜካኒክ የሚከፈለው ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥበት አሮጌ ፒክአፕ በርካሽ ይገኛል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሃይሉክስ ሞተሩ ወርዶ ይታደሳል፣ ላሜራው ይበየዳል፣ ተመልሶ ሥራ ይገባል እንጂ ማንም ለሁለት ልቁረጠው አይልም። ቢልም ቤተሰቡ አይፈቅድለትም።

መቁረጡን የሚያስችለው የፒክአፕ አሠራር ነው። የዛሬ የቤት አውቶሞቢል ወለሉ፣ ጎኑና ጣሪያው ተበይዶ አንድ አካል ሆኗል፤ ከመሃል ቢቆረጥ የሚተርፈው አቅም የለውም። አብዛኛው ፒክአፕ ግን ከሥሩ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ያሉት ሻሲ አለው። ጋቢናውም ካሶኒውም በየራሳቸው ብሎን ታስረው የተቀመጡት በእነዚያ ብረቶች ላይ ነው። ፎርድ የመጀመሪያውን የፋብሪካ ፒክአፑን በ281 ዶላር መሸጥ ከጀመረበት ከ1925 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ነገር ቢለወጥም ይህ አልተለወጠም ማለት ይቻላል።

ካሶኒው ምን ያህል ራሱን የቻለ ዕቃ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ አስቂኝ ታሪክ አለ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አውሮፓውያን በአሜሪካ ዶሮ ላይ ከባድ ቀረጥ ጣሉ። አሜሪካም ብድሯን ስትመልስ ከ1964 ጀምሮ ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ 25 በመቶ ጫነች። ካሶኒ ያልተገጠመለት ጋቢናና ሻሲ ግን የሚከፍለው 4 በመቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ የጃፓን ፒክአፖች ጀርባቸው ባዶ ሆኖ በመርከብ ይመጡና ካሶኒያቸው አሜሪካ ወደብ ከደረሱ በኋላ ይታሰርላቸው ነበር፤ ቶዮታም ካሶኒዎቹን ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ውስጥ ያሠራ ነበር። ያ ማምለጫ በ1980 ተዘጋ። የ25 በመቶው ቀረጥ ግን ዶሮው ከተረሳ በኋላም አለ።

ወደ ሥራው እንግባ። ግራይንደር ከመነሳቱ በፊት የነዳጅ ታንኩ ከነቱቦው ወርዶ ከግቢው ራቅ ይበል። ባዶ ታንክ ከሙሉ ይልቅ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን በታንኩ ውስጥ ከአየር ጋር የተቀላቀለው የቤንዚን ትነት ነውና። ከዚያ ካሶኒው ተፈቶ ይነሳል፣ የጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጉልበት የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ይፈታል። ሻሲው የሚቆረጠው ከካሶኒው ሥር ሳይሆን ወደ ፊት ራቅ ብሎ ከጋቢናው በታች ቢሆን ይመረጣል፤ የተረፈው ብረት ለመጎተቻው ዘንግ መነሻ ይሆናል።

ዲፈረንሻሉ ምን ይሁን? ዘንጉ ከተፈታ በኋላ ጎማው ሲዞር ውስጡ ያሉት ጥርሶች በባዶው ይዞራሉ፤ ጉዳት የለውም። ዘይቱ እንዲኖር ብቻ ያስፈልጋል፤ ዘንጉ ይታሰርበት የነበረው የፊት ጆሮም እንዳለ ይቀመጥ፣ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ክብደት ልቀንስ ብሎ ጥርሶቹን አውጥቶ የሚጥል ብልጥ አይጠፋም። በብዙ የአሜሪካ ፒክአፖች ግን ጎማውን የተሸከመው ግማሽ ዘንግ እንዳይወጣ የሚይዘው ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለች ትንሽ ቀለበት ናት። ቀለበቷ ከጥርሶቹ ጋር ከወጣች ጎማው ከነዘንጉ በመንገድ ላይ ተንሸራቶ ይሄዳል።

ከፊት ሁለት ጠንካራ ብረቶች ከሻሲው ሁለት ጎን ተነስተው መሃል ላይ ይገናኛሉ፤ ጫፋቸው ላይ የጎታቹን ኳስ የሚጎርሰው ጭንቅላት ይታሰራል። እዚህ ላይ ከብየዳው ይልቅ ሜትሩ ይበልጣል። ከጭንቅላቱ እስከ ቀኝ ጎማና እስከ ግራ ጎማ ያለው ርቀት እኩል ካልሆነ ተሳቢው ዕድሜውን ሙሉ ጎኑን ሰጥቶ ይሄዳል፣ ጎማም ይበላል። የኳሱም ልክ ይታይ፤ አሜሪካ ውስጥ የተለመዱት 1⅞፣ 2 እና 2 5/16 ኢንች ናቸው። ባለ 2 ኢንች ጭንቅላት በ1⅞ ኳስ ላይ ይቀመጣል፣ የተቆለፈም ይመስላል፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ዘሎ ይወጣል።

ብየዳው ያስፈራል እንጂ ዋናው ጣጣ እሱ አይደለም። ተሳቢን ደህና ወይም አደገኛ የሚያደርገው ክብደቱ ያረፈው ከጎማው ፊት ነው ወይስ ኋላ የሚለው ነው። የፈረስ ጋሪ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ሲበዛ የጋሪው እንጨቶች ወደ ላይ ይነሱና ፈረሱን ከመሬት ሊያነሱት ይደርሳሉ። ባለጋሪው ወርዶ ጆንያውን ወደ ፊት ይጎትታል። ባለተሳቢው ግን ይህ ምልክት አይታየውም። ከፊት ያለው ሁለት ቶን መኪና ስለሆነ አይነሳም፤ ችግሩ ተደብቆ ቆይቶ የሚወጣው በፍጥነት ሲነዳ ነው።

የተለመደው መመሪያ ኳሱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን ይላል። ተሳቢው ከነጭነቱ 1,000 ኪሎ ቢሆን ኳሱ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ከኳሱ እስከ ጎማው መሃል 3 ሜትር ቢኖር ይህ የሚሟላው የጠቅላላው ክብደት ማዕከል ከጎማው መሃል ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ሲሆን ነው። ሁሉም ነገር የቆመው በዚህች ክንድ በማይሞላ ቦታ ላይ ነው።

ተሳቢ የሚመራው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በኳሱና በጎማዎቹ። ነፋስ ወይም የሚያልፍ ትልቅ መኪና ጅራቱን ገፋ ሲያደርገው ጎማዎቹ ወደ መስመሩ ሊመልሱት ይታገላሉ። ማዕከሉ ከፊት ከሆነ መወዛወዙ እየቀነሰ ይቆማል። ማዕከሉ ወደ ኋላ ካለፈ ግን የሚወዛወዘው ጅራት ጉልበት ጎማው ከሚመልሰው ይበልጣል፣ እያንዳንዱ ውዝዋዜም ካለፈው ይሰፋል። ይህ ከአንድ የፍጥነት ወሰን በላይ የሚመጣ ነገር ስለሆነ በ60 ኪሎ ሜትር ጭምት ሆኖ የተከተለ ተሳቢ በ95 ጎታቹን ጭምር ይዞ ሊወጣ ይችላል። ሲጀምር ፍሬን መርገጥ ያባብሰዋል፣ በመሪ ልመልሰው ብሎ መታገልም እንዲሁ፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ እግርን ከነዳጁ ቀስ ብሎ ማንሳት ነው።

የፒክአፕ ጀርባ ደግሞ እዚህ ላይ የራሱ አመል አለው። የጎማውን ቦታ የመረጠው ሙሉ መኪና ያሰበ መሐንዲስ ነው። ካሶኒው ከኋላ ጎማው አልፎ ቢንጠለጠል አያስጨንቀውም ነበር፤ ከፊት ያለው ሞተር ይይዝለታል። ሞተሩ ተቆርጦ ሲሄድ ያ ሚዛን አብሮ ሄደ። በብዙ ፒክአፖች የካሶኒው መሃል ጎማው ላይ ወይም ከጎማው ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚወድቅ ካሶኒው እኩል ከተሞላ ለኳሱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የኋላው በር ወርዶ ረጅም ቋሚ እንጨት ሲወጣበት ደግሞ መጎተቻው ወደ ላይ መሳብ ይጀምራል።

መድኃኒቱ ጭነትን ወደ ፊት ማድረግ ነው። 200 ኪሎ ሲሚንቶ 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢገፋ፣ ያው በ3 ሜትሩ ስሌት፣ ኳሱ ላይ 33 ኪሎ ይጨመራል። ተቀያሪ ጎማውንና የመሣሪያ ሣጥኑን መጎተቻው ዘንግ ላይ ማሰር የተለመደው ለውበት አይደለም፤ ከጎማው 2 ሜትር ወደ ፊት የታሰረ 30 ኪሎ ተቀያሪ ጎማ ሁልጊዜ 20 ኪሎ ያዋጣል። ባሌስትራውን ፈትቶ ጎማውን ወደ ኋላ ማዛወርም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ጎማው በካሶኒው ላይ ካለው ቅስት ጋር አይገጥምም፣ ላሜራውን እንደገና መቁረጥ ይመጣል። ብዙዎቹ እዚህ ደርሰው ይተዉታል።

ኳሱ ላይ ስንት እንዳረፈ ለማወቅ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ይበቃል። ሚዛኑ ያን ያህል ካልተሸከመ ጠንካራ እንጨት በአንድ ጫፉ ቱቦ ላይ፣ በሌላው ሚዛኑ ላይ ያርፋል። የተሳቢው ጭንቅላት ከቱቦው 30፣ ከሚዛኑ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ እንጨቱ ላይ ይቀመጣል። ሚዛኑ የሚያሳየው ሲሦውን ነው፤ የእንጨቱ ድርሻ ተቀንሶ 40 ኪሎ ካለ ኳሱ የሚሸከመው 120 ነው። ተሳቢው እንደሚጎተትበት ከፍታ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ጎማውም ከፊትና ከኋላ ይታገድ።

ባሌስትራው የተሠራው ለጭነት ስለሆነ ባዶው ተሳቢ ይዘላል። ከቅጠሎቹ አንዱን የሚያወጡ አሉ፤ የመሸከም አቅሙም አብሮ እንደሚወጣ ግን ይታወቅ። ተሳቢው ራሱ ቀላል አይደለም፤ ካሶኒ፣ ግማሽ ሻሲና ዲፈረንሻል ተደምረው ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ቶን ይጠጋሉ። በዚያ ላይ ፍሬን የለውም። ጎማው ውስጥ የፍሬኑ ሸራ ቢኖርም የሚረግጠው የለም። በብዙ ስቴቶች ከ3,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ1,360 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ልኩ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ይሻላል፤ በዚያው ጉዞ በቤት የተሠራ ተሳቢ አዲስ መለያ ቁጥርና ሰሌዳ እንዴት እንደሚያገኝ ይጠየቃል፣ የአሮጌው ፒክአፕ ወረቀትም አይጣል።

መብራቱ አራት ሽቦ ነው፤ ቡናማው የማታ መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው የቀኝ፣ ነጩ ወደ ሻሲው የሚመለሰው። ፍሬን ሲረገጥ ሌላው መብራት ድንግዝግዝ ብሎ ከበራ ወይም ፍሬቻው ካበደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ነጩ ነው። በቀለም ወይም በዝገት ላይ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ መመለሻ አጥቶ በሌላኛው አምፖል በኩል መንገድ ይፈልጋል። በቶዮታና በሌሎች የጃፓን መኪኖች ፍሬቻው ከፍሬን መብራቱ ተለይቶ ለብቻው ስለሚሠራ ሁለቱን የምታገናኝ ትንሽ መቀየሪያ ሣጥን ትገዛለች። ሁለቱ ሰንሰለቶች ደግሞ ከመጎተቻው ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ፤ ጭንቅላቱ ከኳሱ ቢወጣ አስፋልት ላይ ሳይወድቅ በመስቀላቸው ላይ ያርፋል።

ተሳቢው ከጎታቹ ጋር አንድ ዓይነት ቸርኬ ካለው አንድ ተቀያሪ ጎማ ለሁለቱም ይሆናል። የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ይሁን፤ ሲቆም የጎማው ዳዶዎች እንደገና ይጠበቁና የጎማው እምብርት በእጅ ይዳሰስ። ለብ ማለቱ ያለ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ውስጡ ያለው ኩሽኔታ ደርቋል ወይም ተበልቷል፣ ጭነት ሳይነካው ይፈታ።