ዘንድሮ ቢሾፍቱ አንሄድም፦ ለልጆቻችን እንዴት እንንገራቸው?

ሐምሌ ሲገባ በብዙዎቻችን ቤት ልጆች የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ "መቼ ነው የምንሄደው?" እኔ በምኖርበት በሐረር፣ ዐቅሙ የፈቀደለት ቤተሰብ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ይዞ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ቢሾፍቱ ይደርሳል። ልጆቹም በኩሪፍቱ የውሃ ፓርክ ሸርተቴ ላይ ሲንሸራተቱ ይውላሉ። ጉዞውን እስከ አዲስ አበባ አርዝሞ በ2012 ዓ.ም የተከፈተውን አንድነት ፓርክ የሚያሳይም አለ። ይህን ሁለትና ሦስት ዓመት የለመደ ልጅ ክረምትን የሚቆጥረው በዝናቡ ሳይሆን በዚያ ጉዞ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ጉዞ ለብዙ ቤተሰብ እየራቀ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ደመወዝ በዚያ ፍጥነት አልጨመረም። የትራንስፖርቱ፣ የመኝታው፣ የምግቡና የመግቢያው ወጪ በአምስት ሰው ሲባዛ፣ ጉዞው የመስከረምን የትምህርት ቤት ክፍያ ይዞ ይሄዳል። የዕቁብ ገንዘባቸውን ለዚህ ያዋሉ፣ ተበድረውም የሄዱ ወላጆች አውቃለሁ። ስለ ገንዘቡ ግን ብዙ አልልም፤ እያንዳንዱ ቤት ኪሱን ያውቃል። ልነግራችሁ የፈለግሁት "አንሄድም" ብለን ከወሰንን በኋላ ስለሚሆነው ነገር ነው፤ እኔ ራሴ የወደቅሁት እዚያ ላይ ነውና።

በ2017 ዓ.ም ክረምት እኔና ባለቤቴ ሒሳቡን አስልተን እንደማንችል አወቅን። ልጆቼን ቁጭ አድርጌ እውነቱን መናገር ግን አፈርሁ። ስለዚህ "ነሐሴ ውስጥ የአገልግሎት ጉዞ ስላለብኝ አይመቸኝም" አልኋቸው። እንዲህ ያለ ጉዞ አልነበረም። ነሐሴ ገብቶ እኔ ቤት ተቀምጬ ሲያየኝ የ12 ዓመቱ ልጄ በደስታ እየሮጠ መጣና "አባዬ፣ ጉዞህ ቀረ አይደል? እንግዲያው እንሂዳ!" አለኝ። መልስ አጣሁ። ሽርሽሩን ማጣት ለልጁ አንድ ኀዘን ነበር፤ የአባቱን ውሸት ማወቅ ደግሞ ሌላ ኀዘን ሆነበት። ከሁሉ የከፋው የጌታን ሥራ ለድህነቴ መሸፈኛ ማድረጌ ነው። ያን ቀን ማታ ልጆቼን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ለእኔ በመድረክ ላይ ከመናገር ይልቅ የከበደኝ ያ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ በየዓመቱ ስለሚደረግ የቤተሰብ ጉዞና ስለ መቅረቱ የሚነግረን ታሪክ እንዳለ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የሕልቃና ቤተሰብ በየዓመቱ ወደ ሴሎ ይወጣ ነበር። ሳሙኤል ከተወለደ በኋላ ግን ሐና ከቤተሰቡ ጋር አልወጣችም (1ሳሙ. 1፥21-23)። ጉዞው የእኛ ዓይነት መዝናኛ ሳይሆን የአምልኮ ጉዞ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ሐና እንዴት እንደቀረች ተመልከቱ፤ ለባልዋ ምክንያቱን ነገረችው፤ ሕፃኑ ጡት እስኪተው ድረስ መሆኑንም አስታወቀች። ሕልቃናም በነገሩ ተስማማ። ሰበብ አልፈጠረችም፣ በደፈናው "ሌላ ጊዜ" አላለችም። የተናገረችው ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ሄደች።

ከዚህ በመነሣት በእኛ ቤት ያደረግነውን ላካፍላችሁ። አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ልጁ ለጓደኞቹ "እሄዳለሁ" ብሎ ሳያወራ። ምክንያቱንም በሚገባው ልክ ንገሩት፤ "ገንዘባችን ለትምህርት ቤትና ለቤት ኪራይ ነው የሚበቃው" ማለት የሚያሳፍር ነገር የለውም። "በሚቀጥለው ዓመት እንሄዳለን" ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ የሚቀጥለው ዓመት በእጃችን አይደለምና። ይልቅስ "በየወሩ ይህን ያህል እናስቀምጣለን፤ ከሞላ እንሄዳለን" በሉና አብራችሁ ቁጠሩ።

ከዚያም ያልቅስ፣ ይቈጣ። እዚህ ላይ እኛ አገልጋዮች ቶሎ ስብከት እንጀምራለን፤ "ስንት የሚበላው ያጣ ልጅ አለ" እንላለን። እውነት ቢሆንም ጊዜው አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ ላዘነ ልብ መዝፈንን በብርድ ቀን ልብስ ከመግፈፍ ጋር ያመሳስለዋል (ምሳ. 25፥20)።

በእኛ ልጅነት ሽርሽር ማለት ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የሐረማያ ሐይቅ ነበር። የሐረርም የመጠጥ ውሃ ከዚያ ይመጣ ነበር። ሐይቁ ከዓመት ዓመት እየሸሸ በ1990ዎቹ ማብቂያ ግድም ደረቀ፤ ከብት ተሰማራበት። ውሃ መልሶ መያዝ የጀመረው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው። ያኔ ለምን መሄድ እንደተውን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረንም። ዛሬም ድረስ በዚያ ሳልፍ ቅር ይለኛል።

ታዲያ ቀኑ ባዶ እንዳይሆን ምን አደረግን? ልጆቼ የቢሾፍቱን ሸርተቴ በቀለሙ ለይተው ሲያውቁ፣ የተወለዱበትን ከተማ አምስት በሮች ግን ተራ በተራ አይተው አያውቁም ነበር። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት፣ ከነከተማው በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የጀጎል ግንብ ዙሪያው ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው፤ ለልጅ እግር የሚበዛ አይደለም። አንድ ቅዳሜ በጠዋት ከሸዋ በር ተነሥተን በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በር አድርገን ፈላና በር ደረስን። በየበሩ አንድ አንድ ልጅ መሪ ይሆናል፤ መሪው የፈለገበት እንቆማለን። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተን ጊደር መጋላ ሳምቡሳ በላን፤ በማኪና ግርግርም የልብስ ሰፊዎቹን መኪና ድምፅ እየሰማን ወደ ፈረስ መጋላ ወጣን። ማታ ደግሞ ፈረንጆች ባሕር አቋርጠው የሚመጡበትን የጅብ ምገባ አየን። ትንሿ ልጄ እጄን እስኪያመኝ ጨብጣ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ "ደስ አለሽ?" አልኋት። ጥቂት አሰበችና "ደስ ብሎኛል አባዬ፤ ሸርተቴው ግን ይበልጣል" አለችኝ። እኔም "አዎ፣ ይበልጣል" አልኋት። ማጠራቀሚያዋን ቆርቆሮ አወረድንና ከሳምቡሳው የተረፈውን ብር ጨመርንበት።