በደብረ ወርቅ አካባቢ ባለ እጆችን ስለ መናቅ

ስለ ዘር ልዩነት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው የሩቁን አገር ነው። በርግጥ ኢትዮጵያ በዚህ ትግል ድርሻ አላት፤ በ1953 ዓ. ም. ከላይቤሪያ ጋራ ሆና፣ የዘር መለያየትን ሕግ በናሚቢያ ላይ የጫነችውን ደቡብ አፍሪካን በዓለም ፍርድ ቤት ከሳለች። ፍርድ ቤቱ በ1958 ዓ. ም. ከሳሾቹ ለመክሰስ የሚያበቃ መብት የላቸውም ብሎ ክሱን ጣለው። ይሁን እንጂ በሩቅ የተዋጋነው ነገር በቤታችንም ሌላ ስም ይዞ ይኖራል። ይህንኑ በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

በቢቸናና በሞጣ መካከል በምትገኘው በደብረ ወርቅ አካባቢ፣ እንደ ሌላውም የጎጃም አገር፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ከገበሬው ዝቅ ተደርገው ሲታዩ ኖረዋል። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ እንጀራም ያለ ምጣድ አይጋገርም። ሥራው ግን ሲፈለግ ሠራተኛው «ቡዳ» እየተባለ ይሸሻል።

የዚህ ነገር ምክንያት ሁለት ይመስለናል። አንደኛው የመሬት ሥሪት ነው። ርስት የሚገኘው የአባትና የእናት ዘር ተቆጥሮ ስለ ነበር፣ የዘር ቆጠራው የሰው ማዕርግ መለኪያም ሆነ። ሁለተኛው እምነት ነው። ሰው በድንገት ሲታመም «ቡዳ በላው» ይባላል፤ በሽተኛውም የበላውን ሰው ስም እንዲናገር ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ በሽተኛው ሕክምና ይዘገይበታል፤ ስሙ የተጠራው ደግሞ ያለ ማስረጃ ይፈረድበታል።

ሕጉ በየጊዜው ተሻሽሏል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። የ1967ቱ ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት በማድረጉ የርስት ቆጠራ ቀረ። የ1987ቱም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደነገገ።

ታዲያ ንቀቱ ስለ ምን አልጠፋም? ሕግ በቀላሉ የማይገባበት ስፍራ ስላለ ነው፤ ይኸውም ጋብቻ ነው። ሽማግሌ ሲላክ አጥንት ይጠየቃል፤ ዘርም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የሸማኔ ልጅ ተምሮ መምህር ቢሆን እንኳ በዚያን ጊዜ የሚጠራው በአያቱ መወርወሪያ ነው። ሥራው ተለውጦ ስሙ ካልተለወጠ፣ የሚናቀው ትውልዱ እንጂ ሥራው አይደለም ማለት ነው። ኢትዮጵያ በ1968 ዓ. ም. የተቀበለችው የዘር ልዩነትን የሚያስወግደው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ከቀለም ጋራ በትውልድ ሐረግ መለየትን በግልጽ ይከለክላል።

ስለዚህ ነገሩን «የባላገር ልማድ» ብሎ ማለፍ አይገባም። ጤና ጣቢያው ስለ በሽታ፣ ትምህርት ቤቱ ስለ ሥራ ክብር፣ ካህናቱም ስለ ጋብቻ ቢያስተምሩ ብዙ ይረዳል። ከሁሉ በፊት ግን እኛ የተማርነው፣ በቤታችን የጋብቻ ነገር ሲነሣ አጥንት መጠየቅን እንተው።