የኢንተርኔት ስም ንግድ፤ መግዛቱ ቀላል፣ ማቆየቱ ውድ

እ.ኤ.አ. በ1994 ጆሽዋ ኲትነር የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ «ማክዶናልድስ ዶት ኮም» የተሰኘውን የኢንተርኔት ስም አስመዘገበ። በወቅቱ ለምዝገባ ገንዘብ አይጠየቅም ነበር። ኩባንያው ስሙ በሌላ ሰው እጅ መግባቱን ካወቀ በኋላ ጉዳዩ በሰላም ያለቀው፣ ለአንድ የኒውዮርክ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር መሣሪያ እንዲሆን 3,500 ዶላር በመስጠት ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ «ቢዝነስ ዶት ኮም» በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሻጩ ይህንኑ ስም የገዛው ከሁለት ዓመት በፊት በ150 ሺህ ዶላር ነበር። በ2019 ደግሞ «ቮይስ ዶት ኮም» በ30 ሚሊዮን ዶላር ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላው ተዛውሯል። ገንዘቡ የተከፈለው ለስሙ ብቻ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ከየአገሩ ብዙ ሰው ወደ ገበያው ጠርተዋል። አዲስ ገቢዎች ዘግይተው የሚረዱት ግን ሌላውን ቁጥር ነው። የኢንተርኔት ስም፣ በተለምዶ ዶሜይን የሚባለውን፣ ለመግዛት ጥቂት ዶላርና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ትርፍና ኪሣራውን የሚለየው ገዢ እስኪመጣ ድረስ በየዓመቱ የሚከፈለው የእድሳት ገንዘብ ነው።

ባለቤት ወይስ ተከራይ?

በ«ዶት ኮም» የሚያልቅ የመጀመሪያው ስም የተመዘገበው በማርች 1985 ነው። ለአሥር ዓመት ያህል በነፃ ሲሰጥ ቆይቶ፣ በሴፕቴምበር 1995 ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ይከፈልበት ጀመር። በ1998 አይካን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም ተመሠረተና የስም አሰጣጡን ሥርዓት ማስተባበር ያዘ። የ«ዶት ኮም»ን ዋና መዝገብ የሚይዘው ቬሪሳይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ለሕዝብ በችርቻሮ የሚሸጡት መዝጋቢ ድርጅቶች ናቸው።

ስም የገዛ ሰው መብቱን የሚያገኘው በዓመት ተቆጥሮ ነው። በአንድ ጊዜ ሊከፈል የሚችለው ቢበዛ የአሥር ዓመት ነው። ለመርካቶ ነጋዴ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ደህና ቦታ ላይ ያለ ሱቅ የሚለቅ ተከራይ የቁልፍ ገንዘብ ይቀበላል፤ የሚሸጠው ግድግዳውን ሳይሆን ቦታውን ነው። ቁልፉን የተረከበው ደግሞ ኪራዩን መክፈል ይቀጥላል። የዶሜይን ነጋዴም የሚሸጠው ቁልፍ ነው፤ እስኪሸጠው ድረስ ኪራዩ በእሱ ላይ ይቆጥራል።

ኪራዩም ባለበት አልቆመም። ቬሪሳይን ከመዝጋቢ ድርጅቶች ላይ በዓመት የሚቀበለው የጅምላ ዋጋ እስከ 2021 ድረስ 7 ዶላር ከ85 ሳንቲም ነበር። ከዚያ በየዓመቱ እየጨመረ በሴፕቴምበር 2024 10 ዶላር ከ26 ሳንቲም ደረሰ። መዝጋቢው የራሱን ጨምሮ ስለሚሸጥ የችርቻሮው ዋጋ ከዚህ ከፍ ይላል።

የመቶ ስም ሒሳብ

በሥራው የቆዩ ነጋዴዎች በልምድ የሚይዙት ግምት አለ። ደህና ስሞች ከያዘ ሰው እጅ በዓመት የሚሸጡት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ናቸው።

አንድ ጀማሪ እያንዳንዳቸው በዓመት 11 ዶላር የሚከፈልባቸው መቶ ስሞች ያዘ እንበል። ዓመታዊ ወጪው 1,100 ዶላር ነው። በዓመቱ አንዱን በ1,500 ዶላር ሸጦ ለአሻሻጩ 15 በመቶ ኮሚሽን ቢከፍል 1,275 ዶላር ይቀረዋል። ወጪው ሲቀነስ ትርፉ 175 ዶላር ብቻ ይሆናል። ሽያጩ የመጣው በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ከሆነ ደግሞ ወጪው 2,200 ዶላር ስለሚደርስ 925 ዶላር ከስሯል። ስሙ በገዛበት ዋጋ ላይ ከመቶ እጥፍ በላይ ተሽጦ እንኳ ነጋዴው ከሳሪ ነው።

ስለዚህ የስሞች ብዛት የሀብት መለኪያ አይደለም። በጥንቃቄ የተመረጡ አሥር ስሞችን ለሦስት ዓመት ማቆየት በዚሁ ሒሳብ 330 ዶላር ይፈጃል። ይህን ያህል መጠበቅ የሚችል ሻጭ ዝቅተኛ ዋጋ የሚያቀርብን ገዢ ሳይደነግጥ እምቢ ማለት ይችላል። የእድሳቱ ቀን የደረሰበት የመቶ ስም ባለቤት ግን ያገኘውን ተቀብሎ ይሸጣል፤ ወይም ይጥለዋል።

ለኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች በዚህ ላይ የምንዛሪው ጉዳይ ይጨመራል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በጁላይ 2024 ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። 1,100 ዶላር ማለት ወደ 63 ሺህ ብር ነው። በዚያው ዓመት ማብቂያ ዶላሩ ከ120 ብር በላይ ሲገባ ይኸው እዳ ከ130 ሺህ ብር አለፈ። ሽያጩም በዶላር በመሆኑ የተሸጠለት ሰው ይካሳል። ሆኖም እድሳቱ ቀን ቆጥሮ ሲመጣ፣ ገዢው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።

ከየት ይገዛል?

መግዣው መንገድ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ማንም ያልያዘውን ስም በቀጥታ ማስመዝገብ ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን የተመዘገቡት የ«ዶት ኮም» ስሞች ከ150 ሚሊዮን በላይ በመሆናቸው ሳይያዝ የቀረ ስም አብዛኛውን ጊዜ የቀረው ፈላጊ አጥቶ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ባለቤቱ ያላሳደሰውን ስም መጠበቅ ነው። የ«ዶት ኮም» ስም ጊዜው ባለፈ ዕለት ወዲያው ነፃ አይሆንም። መዝጋቢው እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል፤ ከተሰረዘ በኋላ የቀድሞው ባለቤት ተጨማሪ ክፍያ ፈጽሞ የሚያስመልስበት የ30 ቀን ጊዜ አለ፤ በመጨረሻም አምስት ቀን ተጠብቆ ይለቀቃል። ደህና ደህናዎቹ ስሞች ግን እዚያ ሳይደርሱ በመዝጋቢዎቹ ጨረታ ይሸጣሉ። የተለቀቁትንም ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ድርጅቶች በኮምፒዩተር ይሻሟቸዋል። በዚህ መንገድ የሚገባ ጀማሪ ተጫርቶ መግዛት እንጂ ቀድሞ መያዝ ይከብደዋል።

ሦስተኛው ከባለቤቱ በድርድር መግዛት ነው። ቀድሞ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ነገር ግን የሚገዛው ስም ቢያንስ አንድ ጊዜ ገበያ ያየ ነው። እንደ ኔምባዮ ባሉ መዝገቦች ከዚህ በፊት ለሕዝብ የተገለጹ ሽያጮችን ከነዋጋቸው መመልከት ይቻላል። ማመሳከሪያው ተመሳሳይ ስም በእውነት የተሸጠበት ዋጋ ሊሆን ይገባል፤ ኮምፒዩተር በግምት የሚያወጣው ዋጋ እስካሁን ገዢ ሆኖ ቀርቦ አያውቅም።

በጋዜጣ የሚወጡ ቁጥሮችንም መለየት ያስፈልጋል። «ቢዝነስ ዶት ኮም» በ2007 በ345 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መሸጡ ሲነገር ብዙ ሰው የስሙ ዋጋ ይመስለዋል። የተሸጠው በስሙ ላይ የተገነባው ድርጅት ከነሥራውና ከነገቢው ነበር።

ምን ዓይነት ስም?

ደላሎች በቀላሉ የሚጠቀሙበት መመዘኛ የስልክ ፈተና ነው። ስሙ በስልክ አንዴ ሲነገር የሰማው ሰው ሳይጠይቅ በትክክል ከጻፈው አልፏል። አጭር፣ በአንድ ሥራ ወይም ዕቃ ላይ የሚያርፍ፣ ቁጥርና ሰረዝ የሌለው ስም ይመረጣል።

የአማርኛ ቃላት ብዙውን ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። እንጀራ የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል አንዱ በ«አይ»፣ ሌላው በ«ኢ» ጀምሮ ይጽፈዋል። ወርቅን አንዱ በ«ኬ»፣ ሌላው በ«ኪው» ይጨርሰዋል። አንዱን አጻጻፍ የያዘ ሰው ሌላው አጻጻፍ በሌላ ሰው እጅ እስካለ ድረስ ግማሽ ዕቃ ነው የያዘው። በዋሽንግተን ምግብ ቤት የሚከፍት ኢትዮጵያዊ ለእንዲህ ዓይነቱ ስም ሊከፍል ይችላል፤ ሁለቱንም አጻጻፍ ለሚያቀርብለት ግን የተሻለ ይከፍላል።

አዳዲስ መጨረሻዎችም አሉ። ከ2013 መጨረሻ ወዲህ ከአንድ ሺህ በላይ ተጨምረዋል። አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ወይም በሁለት ዶላር ይሸጡና በሁለተኛው ዓመት እድሳታቸው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚነበበው የእድሳቱ ዋጋ ነው። «ዶት ኤአይ» ደግሞ የካሪቢያኗ ትንሽ ደሴት የአንጉዊላ የአገር መለያ ሲሆን፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምክንያት ፈላጊው በዝቶ ደሴቲቱ በ2023 ብቻ 32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብታለች፤ ከመንግሥቷ ገቢ አንድ አምስተኛ በላይ መሆኑ ነው። ነጋዴው ቢያተርፍም ቢከስርም የስሙ አከራይ ኪራዩን ሰብስቧል።

የሰው ስም መዘዙ ብዙ ነው

ኲትነር በ1994 ያደረገውን ዛሬ የሚደግም ሰው የሚጠብቀው ክስ ነው። ዴኒስ ቶፐን የተባለ አሜሪካዊ የፓናቪዥንን ስም አስመዝግቦ ለመልቀቅ 13 ሺህ ዶላር ጠይቆ ነበር። በ1998 በይግባኝ ፍርድ ቤት ተረታ። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ የወጣው ሕግ ደግሞ በክፉ ልቦና የሌላን የንግድ ምልክት ለያዘ ሰው በአንድ ስም ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር የሚደርስ ካሣ አስቀመጠ።

ፍርድ ቤት መሄድም ግድ አይደለም። በ1999 አይካን ባጸደቀው ሥርዓት የምልክቱ ባለቤት ለዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት አቤቱታ ያቀርባል። የአንድ ዳኛ ክፍያ 1,500 ዶላር ነው። በዚህ መንገድ መጀመሪያ የተወሰነው በጃንዋሪ 2000 ሲሆን፣ አንድ የካሊፎርኒያ ነዋሪ የነፃ ትግል ኩባንያን ስም በ100 ዶላር አስመዝግቦ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ለኩባንያው በ1,000 ዶላር ልሽጥልህ በማለቱ ስሙን እንዲያስረክብ ተወስኖበታል። ዋጋ ጠይቆ የላከው መልእክት ራሱ ማስረጃ ሆነበት።

የጀማሪ ጥንቃቄ እንግዲህ ግልጽ ነው። ስሙን የሚፈልገው አንድ ኩባንያ ብቻ ከሆነ፣ እሱም ስሙን በምልክትነት የያዘ ከሆነ፣ ዕቃው ለንግድ አይሆንም። በአገራችንም በእኛ አቆጣጠር በ1998 የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 የተመዘገበ ምልክትን ይጠብቃል። የባንክ፣ የቢራ ወይም የአየር መንገድ ስም መያዝ ብልጠት መስሎ የሚታየው ጠበቃ እስኪመጣ ድረስ ነው።

ርክክቡ

ገዢ ከተገኘ በኋላ ያለው አደጋ ማን ይቀድማል የሚለው ነው። ሻጭ ስሙን አስቀድሞ ካስተላለፈ ገንዘቡ ሊቀርበት፣ ገዢ አስቀድሞ ከከፈለ ስሙ ሊቀርበት ይችላል። ለዚህ የተለመደው መፍትሔ አደራ ያዥ ድርጅት ነው። ገዢው ገንዘቡን ለአደራ ያዡ ያስገባል፤ ሻጩ ስሙን ያስተላልፋል፤ ገዢው መረከቡን ሲያረጋግጥ ገንዘቡ ለሻጩ ይለቀቃል። ከ1999 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ኤስክሮው ዶት ኮም በዚህ ይታወቃል። ሐሰተኛ አደራ ያዦችም ስላሉ አድራሻውን በሌላው ወገን ከተላከ መልእክት ላይ ተጭኖ መክፈት አያዋጣም።

ስም ይሰረቃልም። በ1995 አንድ ውድ ስም በሐሰተኛ ደብዳቤ ከባለቤቱ ወደ ሌላ ሰው ተዛውሮ ባለቤቱ ለዓመታት ተሟግቷል። በ2003 የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት የኢንተርኔት ስም እንደማንኛውም ንብረት ሊነጠቅ የሚችል ንብረት መሆኑን ወስኗል። ስለዚህ የኢሜይሉና የመዝጋቢው ምስጢር ቁጥር የሱቅ ቁልፍ ያህል ይጠበቃል፤ ስሙን ዝውውር እንዳይፈጸምበት ቆልፎ ማስቀመጥም የተለመደ ነው።

በመጀመሪያ መግዣ ቀን

ይህን ሁሉ ከመዘነ በኋላም ልግባ የሚል ሰው መግዣውን ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር በወረቀት ቢያሰፍር አይጎዳም። አንደኛው፣ ስሙን ሊገዙ የሚችሉና በሥራ ላይ ያሉ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ድርጅቶች ናቸው። ሦስት መቁጠር ካልቻለ ገዢ የለውም ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የሦስት ዓመት እድሳት ድምር ነው። ይህም ገንዘብ ከቤት ወጪና ከሌላው ንግድ ተለይቶ በተቀማጭ መኖር አለበት።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የእድሳቱ ቀን ነው። በየዓመቱ በዚያ ቀን ነጋዴው አንድ ጥያቄ ለራሱ ያቀርባል፦ ይህ ስም ዛሬ በእጄ ባይኖር ኖሮ በ11 ዶላር እገዛው ነበርን? መልሱ አይደለም ከሆነ መጣል አለበት። በዚህ ገበያ የቆዩት ብዙ የገዙት ሳይሆኑ፣ የማይረባውን በጊዜ የጣሉት ናቸው።