በሌላ ቋንቋ ለመማር ከቤቱ ለሚወጣ ልጅ

የማንኩሳ ልጅ ፊደል የሚቆጥረው፥ ሒሳብም የሚጀምረው በአማርኛ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ በዩኒቨርሲቲም መምህሩ የሚያስተምረው፥ ፈተናውም የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሳይሰናዳ የሄደ ልጅ ነገሩን እያወቀ ቋንቋ ያጥረዋል፤ እንደማያውቅ ሰውም ዝም ብሎ ይቀመጣል። የአባቱ ድካምና የእናቱ ስንቅም ከንቱ ይቀራል።

ይህ ነገር ለጎጃም አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ ከእናቱ ቤት ይርቃል፤ ቅኔ የሚቀኘውም በአፍ መፍቻው ሳይሆን በግዕዝ ነው። ነገር ግን በአንድ ቀን አይቀኝም። አስቀድሞ ዳዊት ይደግማል፥ ግስ ያጠናል፤ ከዚያም ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሲሳሳትም መምህሩ ያርመዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ እንዲህ ተምረው፥ በኋላም የውጭ ቋንቋ ጨምረው፥ በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆኑ።

እንግሊዝኛም እንደዚሁ ይለመዳል። በየቀኑ 5 ቃል የሚያጠና ልጅ በዓመት ከ1,800 በላይ ቃል ያገኛል። ያጠናውንም ይጻፈው፥ ድምፁን አሰምቶ ያንብበው፤ ባልንጀሮቹ ቢስቁበት አይፈር፤ ሳይሳሳት የተማረ የለምና። ደግሞም ልብሱን ማጠብንና ገንዘቡን በአግባብ ማውጣትን በቤቱ ሳለ ይልመድ።

ልጆች ሆይ፥ ስንቅ የሚሰናዳው ከመንገድ በፊት ነው፤ የቋንቋም ስንቅ እንዲሁ ነው።