ባምፒ እና ሼኪ አንድ አይደሉም

አሜሪካ ያለችውን አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ክሊኒክ አብሬያት ገባሁ። «እጄ ይንቀጠቀጣል በልልኝ» አለችኝ። እኔም «ባምፒ ነው» አልኩ። ነርሷ እጇን እያገላበጠች እብጠት ትፈልግ ጀመር!

ባምፒ እኮ ጉብ ጉብ ያለ ነገር ነው፤ መንገድ ወይም የሚንገጫገጭ በረራ። ለሚንቀጠቀጥ እጅና ድምፅ ሼኪ ነው የሚባለው። የሲኖኒም ዝርዝር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ይደረድራቸዋል፤ ለፕሲኮሜትሪ ስሸመድድ ያሳሳተኝም እሱ ነው። በአማርኛ መኪና ይንገጫገጫል፣ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ስልክ ይቆራረጣል፤ «ስልኩ ተንገዳገደ» የሚል አለ እንዴ? እንግሊዝኛም እንደዛው ነው። ቾፒ አጫጭር ማዕበል ለሚመታው ባሕር ነው፣ ለሚቆራረጥ ቪዲዮም ይሆናል። ፊትፉል ለእንቅልፍ፦ ተኛ፣ ነቃ፣ ተኛ። ሃልቲንግ ቆም ቀጠል እያለ ለሚሄድ ንግግር። ጄርኪ ደግሞ ድንገት ወደፊት ተስፈንጥሮ ድንገት ለሚቆም እንቅስቃሴ፤ ፍሬን ያልለመደ ሾፌር አስቡ። (ቋንጣውም ጄርኪ ይባላል፤ እሱ ግን ከደቡብ አሜሪካው ኬችዋ ቋንቋ የመጣ ሌላ ቃል ነው።)

ስለዚህ ቃሉን ከነባለቤቱ ያዙት፦ ሼኪ እጅ፣ ባምፒ መንገድ፣ ቾፒ ባሕር።

ያን ቀን «ይቅርታ፣ ሼኪ ማለቴ ነው» ስል ነርሷ እጇን ለቀቀችና መጀመሪያ የጠየቀችው አክስቴ ስለምትወስዳቸው መድኃኒቶች ነበር።